ያረጀ ፕላስቲክን በኤክስሬይ ስትለኩ የሚገጥሙ ችግሮች

ከአንገረብ ወይም ከቀሃ ወንዝ ዳር የሚነሳ የጀሪካን ስባሪ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላል። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ፀሐይዋ ፕላስቲክ አትምርም። ኦክስጅንና ውሃ በእነዚህ ስንጥቆች በቀላሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። የገጻቸውን ስፋት በማይክሮ ሲቲ (ናሙናን ከየአቅጣጫው በኤክስሬይ አንስቶ የውስጡን ሦስት ገጽታ ያለው ምስል በሚሠራ ማሽን) ለመለካት ናሙና የምታዘጋጁ ልጆች፣ እነዚህን አስተውሉ።

ስንጥቁ በዓይን እየታየ ምስሉ ላይ ከሌለ

መጀመሪያ እርጥበትን ጠርጥሩ። ውሃና የጀሪካን ፕላስቲክ (ፖሊኢታይሊን) ኤክስሬይን የሚያስቀሩት በተቀራረበ መጠን ነው። ውሃ የሞላው ስንጥቅ ከፕላስቲኩ አይለይም። ናሙናውን በጥላ፣ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ከሚመጥ ጠጠር) ጋር ክዳን ባለው ዕቃ አድርቁት። ቸኩላችሁ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ውስጥ እንዳታስገቡት፤ ወንዙ ያላደረሰውን ጉዳት እናንተ ትጨምሩበታላችሁ።

ደርቆም ካልታየ ናሙናው ትልቅ ነው። ምስል ተቀባዩ በወርዱ 2,000 ፒክስል ካለው፣ 20 ሚሊሜትር ስባሪ ሲሞላው አንዱ ቮክሰል (ምስሉ የተሠራበት ትንሽ ኩብ) ጎኑ 10 ማይክሮሜትር ይሆናል። ከዚያ የጠበበ ስንጥቅ ይጠፋል። ወደ 2 ሚሊሜትር ብትቆርጡት 1 ማይክሮሜትር ትደርሳላችሁ። ቢላው የነካውን ጠርዝ ግን ከስሌት አውጡ።

ነጫጭ ጭረት ከበዛ

ዋልካ አፈር ተጣብቆበታል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ኤክስሬይን አብዝቶ ያስቀራል። በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ በብሩሽ አትፈትጉት፣ እንደገና አድርቁት።

ምስሉ ከደበዘዘ

ናሙናው ተንቀሳቅሷል። ፌስታል በተለይ አይረጋም። ስትሮ ውስጥ በስፖንጅ ደግፉት፣ ማሽኑ ውስጥም ጥቂት ቆይቶ ከረጋ በኋላ ምስሉ ይነሳ።

አንዱ ናሙና ሁለት ሰው ጋ ሁለት ቁጥር ከሰጠ

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ምስሉ ያማረ ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም። አንዱ ምክንያት ፕላስቲኩን ከአየር የሚለየው የግራጫ ወሰን ነው። በዓይን ግምት ከተመረጠ ስፋቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ሌላው የገጹን ስፋት ከአየር ጋር የሚዋሰኑትን የቮክሰል ጎኖች በመቁጠር ማስላት ነው። የሉል ገጽ እንዲህ ሲቆጠር ከእውነተኛው 1.5 እጥፍ ይወጣል፤ ቮክሰሉን ማሳነስም አያድነውም። ገጹን በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የሚያለሰልሰውን ስሌት ተጠቀሙ። ሻካራ ገጽ ደግሞ ቮክሰሉ ባነሰ ቁጥር እየሰፋ ስለሚሄድ፣ በተለያየ ቮክሰል የተነሱትን አታወዳድሩ። ከስፋቱ ጎን የቮክሰሉን መጠንና የግራጫውን ወሰን ጻፉ። ፀሐይ ያላየ ተመሳሳይ አዲስ ጀሪካንም በዚያው አሠራር አስነሱ። ያለ እሱ የትኛው ቀዳዳ ከፋብሪካ፣ የትኛው ከፀሐይ እንደመጣ መለየት አይቻልም።