ጥርስ ከማስነጣታችሁ በፊት ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰርግ ሊደርስ ሲል ሁሉም ሰው ድንገት ጥርሱ ትዝ ይለዋል። ቲክቶክ ላይ «በ3 ቀን ነጭ ጥርስ» ይላል፣ ቴሌግራም ላይ «ከዱባይ የገባ ኦሪጅናል» ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ ሎሚና ሶዳ ትላለች። ሁሉም ዘዴውን ይነግራችኋል። ጥርሳችሁ ለምን እንደጠቆረ ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

መንስኤውን ሳያውቁ ዘዴ መምረጥ

ቡና፣ ሻይ፣ ጫትና ሲጋራ የሚያመጡት ቀለም በአብዛኛው ጥርሱ ላይ ከላይ የተለጠፈ ነው። ይሄ ብዙ ጊዜ ክሊኒክ ውስጥ በሚደረግ እጥበት ብቻ ይሄዳል። ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ እየሳሳ ይሄድና ከስሩ ያለው ቢጫማ ክፍል መታየት ይጀምራል። ማንጫ ጄል ጥሩ የሚሠራው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው። በልጅነት ተመትቶ አንድ ጥርስ ብቻ ግራጫ ከሆነ ግን ከውጭ የፈለጋችሁትን ብትቀቡት ለውጡ ትንሽ ነው። ውስጡ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ከውስጥ ነው የሚያክመው። ከ8 ዓመት በታች ሳሉ ቴትራሳይክሊን የወሰዱ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚቀረው ግራጫ ወይም ቡናማ መስመርም በሳምንት የሚለቅ ነገር አይደለም፣ ወራት ይፈልጋል።

የእኛ አገር ትልቁ ጉዳይ ግን ውሃው ነው። ወንጂ፣ መተሃራ ወይም ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ይሄን ማብራሪያ አይፈልግም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ነው። ልጁ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ያንን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ ሲወጣ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ቀለም ይዞ ይወጣል። ከንጽሕና ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሆኖም «ጥርሱን አይፋቅም» እየተባሉ ያደጉ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ፣ ከዚያም ቡናማውን በኃይል ፍቀው ለማስለቀቅ ሲሞክሩ ድዳቸውን የሚያቆስሉ ብዙ ናቸው። ቀለሙ የሽፋኑ አካል ስለሆነ ተፍቆ አይለቅም። ማንጫ ጄል ብቻውን ከተቀባ ደግሞ ነጩ ነጠብጣብ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ፣ ከበፊቱ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ያለ ጥርስ ካላችሁ ሐኪሙን ከላይ ያለውን ስስ ክፍል ስለመሞረድ፣ ነጠብጣቡን በሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ፈሳሽ መሙያ) ስለመሙላት ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ከማንጣት ጋር አንዱን መጨመር ነው።

እግረ መንገዴን፦ «ፍሎራይድ ነው ያበላሸን» ብለው ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና የጣሉ አዋቂዎች አውቃለሁ። ጥርሱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ በሳሙና ምክንያት እንዲህ ዓይነት ቀለም አይመጣም። መቦርቦሩን የሚከላከልላችሁ እሱ ነውና መልሱት።

ሳይታጠቡ ማንጣት

አቧራ ባልተጠረገለት ግድግዳ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው። ጥርሱ ላይ ቆሻሻ ከተጋገረ ጄሉ ጥርሱን በትክክል አያገኘውም። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ደግሞ ጄሉ በቀዳዳው ገብቶ ነርቩን ይነካል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዛችሁ ያድራል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ፣ የተቦረቦረ ካለ መሙላት፣ ከዚያ እጥበት። ታጥበው ሲወጡ መስታወት አይተው «በቃኝ፣ ማንጣቱ ይቅር» የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ብራችሁም ተረፈ ማለት ነው።

«እጥበት ጥርስ ያላላል» የሚለውን ወሬ ደግሞ ተዉት። ጥርሱን የሚያላላው ለዓመታት የተጋገረው ቆሻሻ ድዱንና አጥንቱን ሲበላ ነው። ሲነሳ ክፍተቱ ይታያል፣ ሰው የሚያማው ግን አጣቢውን ነው።

ሎሚ፣ ሶዳ፣ ከሰል

ሎሚ አሲድ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው፣ ኢናሜል ደግሞ አፍ ውስጥ ያለው ፒኤች ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል። ሎሚው ካለሰለሰው በኋላ በሶዳ ሲፈተግ የተነሳው ቀለሙ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን ነጭ ይመስላል፣ ቪዲዮ የሚቀረጸውም ያን ሰሞን ነው። ኢናሜል ተመልሶ አያድግም። እየሳሳ ሲሄድ ከስር ያለው ቢጫ ይወጣል፣ ማለትም ለማንጣት የተጀመረው ነገር በገዛ እጃችሁ ያቢጫችኋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣትም ፈተና ይሆናል።

ከሰልም ቢሆን ያው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ የጥናቶች ዳሰሳ ከሰል ጥርስ ያነጣል፣ ጉዳትም የለውም የሚለውን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። በፋብሪካ ታሽጎ ስለመጣ ብቻ የቤቱን ከሰል የሚበልጥ የሚመስለው ካለ፣ ሁለቱም ፈትገው ነው የሚያነሱት።

በረኪና ስለሚሞክሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ አፍ ያቃጥላል፣ በፍጹም አታድርጉት።

መፋቂያን ግን አትውቀሱ። የወይራ መፋቂያ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰና በቀስታ ከተፋቁበት ጥሩ ያጸዳል። ውስጣዊ ቀለም አይቀይርም እንጂ።

«ፐርሰንቱ ከፍ ያለውን ስጠኝ»

ጥርሱን የሚያነጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወይም ወደ እሱ የሚቀየረው ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ነው። ሻጩ «35 ፐርሰንት» ሲላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ፣ ምክንያቱም 10 ፐርሰንት ካርባማይድ ሲሰላ ወደ 3.5 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብቻ ነው። የማይመልስላችሁ ሻጭ የሚሸጠውን አያውቀውም።

ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀውና እስካሁን በጣም የሚታመንበት የቤት ዘዴ ይኸው ደካማው 10 ፐርሰንት ካርባማይድ ነው፦ ሐኪሙ የጥርሳችሁን ቅርጽ ወስዶ ልክ የሚሆን ፕላስቲክ ማቀፊያ ይሠራላችኋል፣ ትንሽ ጄል ታደርጉበትና ለብሳችሁት ትተኛላችሁ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ትቀጥላላችሁ። ቀስ ይላል። ውጤቱ ግን ክሊኒክ ውስጥ በአንድ ቀን ከሚደረገው አያንስም። ክሊኒክ ያለው ጄል 25 እስከ 40 ፐርሰንት ሊደርስ ይችላል፣ ለዚህም ነው ድዱን በመከላከያ ሸፍነው የሚሠሩት። ያንኑ ኃይለኛ ጄል በኦንላይን ገዝቶ ለሁሉም አፍ በተሠራ ማቀፊያ መልበስ ድድን ነጭ አድርጎ ያቃጥላል። የአውሮፓ ኅብረት ከ6 ፐርሰንት በላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለውን ለሸማች እንዳይሸጥ ከልክሏል፣ ከ0.1 እስከ 6 ያለውንም በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ፣ ለዚያውም 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው የሚፈቅደው። አውሮፓ የምትኖሩ፣ የውበት ሳሎን ውስጥ «እኛም እንሠራለን» ካሏችሁ ይሄን አስታውሷቸው።

ሰማያዊዋ መብራትስ? ታምራለች። ሥራውን የሚሠራው ግን ጄሉ ነው፣ እሷ የምትጨምረው ብዙም አይደለም። ስለዚህ ለመብራቷ ተጨማሪ ክፈሉ ካሏችሁ ተከራከሩ።

አርተፊሻል ጥርስ አብሮ የሚነጣ መምሰል

አይነጣም። ክራውንም (ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ልባስ)፣ የተሞላ ጥርስም፣ ቬኒርም (ጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ልባስ) በነበረበት ቀለም ይቀራል። ፊት ለፊት እንደዚህ ያለ ጥርስ ካላችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን አስነጡ፣ ቀለሙ እስኪረጋ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ አርተፊሻሉን ከአዲሱ ቀለም ጋር አስቀይሩ። ተገላቢጦሽ ከሄዳችሁ ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

እስከ ሰርጉ ዋዜማ ማቆየት

ከማንጣት በኋላ ጥርስ ለጥቂት ቀናት ሊጠዘጥዝ ይችላል፣ ቀለሙም መጀመሪያ ከሚታየው ትንሽ ወረድ ብሎ ነው የሚረጋው። ቢያንስ ከወር በፊት ጀምሩ። ጥርሳችሁ ቀዝቃዛ የማይወድ ከሆነ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከማንጣቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ መጠቀም ይረዳል። እርጉዝ ወይም አራስ ከሆናችሁ ደግሞ ይቆይ።

ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቡናስ? ከተቻለ ለሁለት ቀን ተዉት። ሻይ፣ ቀይ ወጥ፣ እርድ የበዛበት አልጫም እንደዚያው። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ «ማንጣቱ አልያዘልኝም» ማለት ክሊኒኩን መበደል ነው።

እንደ ወረቀት የነጣ ጥርስ መመኘት

የዳያስፖራ ወጣቶች ቱርክ ሄደው ይዘውት የሚመለሱት ማንጣት አይደለም። ቬኒር ነው፣ ብዙ ጊዜም እንዲያውም ክራውን ነው፣ ጤነኛ ጥርስ ተሞርዶ የሚለበስ። የተሞረደ ጥርስ አይመለስም፣ ልባሱ ደግሞ በየተወሰነ ዓመቱ መቀየር አለበት። ማንጣት የራሳችሁን ጥርስ ሳይሞርዱ ጥቂት ደረጃ ማብራት ነው፣ ሁለቱን የሚያደባልቅባችሁ ክሊኒክ ካለ ውጡ።

ንጣት ደግሞ ከጎኑ ባለው ነገር ይወሰናል። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶቻችን ይሄን ከማንም በፊት ያውቁት ነበር፣ ጥቁሩ ድድ ጥርሱን ያጎላዋል። ለልኩ ጥሩ መመሪያ የዓይናችሁ ነጭ ነው፣ ጥርስ ከእሱ በላይ ሲነጣ ከሩቅ ያስታውቃል። ክሊኒክ ስትገቡ የቀለም ናሙና መደርደሪያውን አምጡልኝ በሉ፣ ዛሬ ያላችሁበትን ቁጥር አስጽፉ፣ ናሙናውን ከጥርሳችሁ ጎን አስይዛችሁ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አስነሱ። ሲጨርሱ «በጣም ነጥቷል» ቢሏችሁ የምታመሳክሩበት ይኖራችኋል።