«ሶስት ወር ይሙላና እንናገራለን»፦ በእርግዝና መጀመሪያ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ሶስት ወር ይሙላና እንናገራለን።» እኔም ብዬዋለሁ። ከጎረቤትና ከመሥሪያ ቤት ሰው መደበቅ መብትሽ ነው። ችግሩ ከጤና ጣቢያም አብሮ ሲደበቅ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ክትትል የጀመርኩት አራተኛ ወሬ ላይ ነበር። ልጄ በሰላም ተወለደች። ግን ያኔ የዛሬውን ባውቅ ኖሮ አንድ ሳምንትም አልጠብቅም ነበር።

«ገና ደም ነው» ማለት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። 12ኛው ሳምንት ላይ ማህፀንሽ ውስጥ ያለው ደም አይደለም። ከአናቱ እስከ መቀመጫው 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ልጅ ነው። ጣቶቹ ተለያይተዋል። ጥፍሮቹ ብቅ ብቅ እያሉ ነው። ኩላሊቱ ሽንት ማምረት ጀምሯል። አንጀቱ ደግሞ፣ ሆዱ ስለጠበበው እትብቱ ውስጥ ገብቶ ሲያድግ ቆይቶ፣ አሁን ወደ ቦታው ተመልሷል። ይህን መጀመሪያ ሳውቅ ማመን አቅቶኝ ነበር። ልቡማ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ነው መምታት የጀመረው። ከዚህ በኋላ በአብዛኛው የሚቀረው ማደግና መጠንከር ነው። እኛ ዝም ብለን የምንጠብቃቸው ሶስት ወራት፣ ዋናው ሥራ የሚሠራባቸው ናቸው ማለት ነው።

ፎሊክ አሲድን ማዘግየት

አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቱቦ የሚዘጋው 6ኛው ሳምንት ላይ ነው። ብዙዎቻችን ያኔ ገና «ወር አበባዬ ቀረ እንዴ?» እያልን ነው። በደንብ ካልዘጋ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ሊወለድ ይችላል። ይህ ችግር ደግሞ አገራችን ውስጥ በብዛት ይታያል። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ይህን ለመከላከል ይረዳል። ስለዚህ ለመውለድ ካሰብሽ ቀድመሽ ጀምሪ፤ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ እስከ 12ኛው ሳምንት። ካረገዝሽ በኋላ ከሰማሽም ዛሬውኑ ጀምሪ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ከወለድሽ መጠኑ ከፍ ስለሚል ሐኪም ይዘዝልሽ።

ሳምንቱን በግምት መቁጠር

ቆጠራው የሚጀምረው ከተፀነሰበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው ወር አበባ ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ስለዚህ «12 ሳምንት» ስትባዪ የልጁ ትክክለኛ ዕድሜ 10 ሳምንት ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር 3 ወር 90 ቀን ነው፤ 12 ሳምንት ከ6 ቀን። የመውለጃውን ቀን ለማወቅ 9 ወር ከ10 ቀን ትጨምሪያለሽ። ወር አበባሽ መስከረም 1 ከመጣ ሰኔ 11 ይሆናል። ጳጉሜ መሃል ከገባች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ነው። ውጭ አገር ያለሽ እህቴ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈሽ ያዢ። ስትቀይሪው በጥቂት ቀን መሳት ቀላል ነው። ወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ 14 ሳምንት ሳይሞላ አልትራሳውንድ ተነሺ። ዕድሜው በትክክል የሚለካው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልኬቱ እየተዛባ ይሄዳል።

ኮሶ፣ የትል ኪኒንና «ትንሽ ጠላ»

ኮሶ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ በፍጹም አትጠጪ። የትል ኪኒንም ቢሆን ሶስቱ ወር ካለፈ በኋላ፣ በባለሙያ ትእዛዝ ነው የሚወሰደው። ለመጠጥ ደግሞ «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም። እናቶቻችን እየጠጡ ወልደዋል ይባላል፤ የተጎዱትን ግን ማን ቆጠራቸው?

«አይንቀሳቀስም» ብሎ መጨነቅ

ይንቀሳቀሳል፤ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው የማይሰማሽ። በመጀመሪያ እርግዝና ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ነው። ማቅለሽለሹ 12ኛው ሳምንት አካባቢ ቀለል ቢልሽም አትደንግጪ። ወንድ ይሁን ሴት ለማወቅም አትቸኩዪ፤ በዚህ ጊዜ የሚነገር ጾታ ሊሳሳት ይችላል።

ደምን ማቃለል

እዚህ ላይ ግን አትታገሺ። ደም ካየሽ፣ በተለይ ከቁርጠት ጋር፣ በዚያው ቀን ሂጂ። ደም ታይቶም በሰላም የሚቀጥል እርግዝና ብዙ ነው፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። ክትትል ባትጀምሪም፣ ካርድ ባይኖርሽም፣ ለባልሽ እንኳ ገና ባትነግሪውም ሂጂ።