ሞዴል አውሮፕላናችሁ ክንፉ ይንቀጠቀጣል? ጎንደር ላይ ለምትሠሩ

ክንፉ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ ወዲያው ሙጫ አታንሱ። መጀመሪያ አንድ ነገር እዩ፦ የሚንቀጠቀጠው ፍጥነቱ ሲቀንስ ነው ወይስ ሲጨምር? ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ መፍትሄያቸው ግን አይገናኝም።

ፍጥነቱ ሲቀንስና አፍንጫው ቀና ሲል ከሆነ

ይሄ “በፈቲንግ” (buffeting) የሚባለው ነው። ክንፉ ከፊት ለሚመጣው አየር ከልክ በላይ ቀና ሲል፣ አየሩ የክንፉን ጀርባ ይዞ መሄድ ያቅተውና ይላቀቃል፤ አዙሪት ይሆናል፣ አዙሪቱም አይረጋም፣ እየተፈጠረ እየተበተነ ክንፉን ይደበድበዋል። የትልልቅ አውሮፕላኖች ክንፍ አየሩን የሚለቀው ብዙውን ጊዜ 15 ዲግሪ አካባቢ ቀና ሲል ነው። ትንሽ የፎም ክንፍ ቀድሞ ይለቃል።

እኛ ጋ ይብሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩም ባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ንድፍ ለቆላ ሰው የተሠራ ከሆነ፣ እዚህ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ወይ 10 በመቶ ያህል መፍጠን ወይ አፍንጫውን የበለጠ ማቅናት ግድ ይለዋል። በተለመደው ፍጥነት ስታበሩት የሚቀረው ማቅናቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ክብደት ቀንሱ፤ ከቻላችሁ አንድ አምስተኛውን። ሚዛኑን፣ ማለትም በጣት ሲደገፍ ሳያጋድል የሚቆምበትን ነጥብ፣ ደግሞ ፈትሹ፦ ቀጥ ላለ ክንፍ፣ ከፊት ጠርዙ ተነስቶ የክንፉ ስፋት 25 እስከ 30 በመቶ ላይ መዋል አለበት። ወደ ኋላ ካጋደለ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉት፤ ተጨማሪ ብረት አፍንጫው ላይ መለጠፍ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የክንፉን ጫፎች የኋላ ጠርዝ ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ብትጠመዝዙት ጫፉ ከመሐሉ በኋላ ይለቃል፣ አውሮፕላኑም በድንገት በአንድ ጎን አይወድቅም። እኔ ከሁሉም በፊት የምሞክረው ግን ቀጭን ክር ነው፤ ከፊት ጠርዙ ትንሽ ወደ ኋላ በክንፉ ጀርባ ላይ በርዝመቱ ይለጠፋል፣ አየሩን ቀድሞ ስለሚያተራምሰው ክንፉን ይዞ የመቆየት አቅም ይሰጠዋል።

ጅራቱ ብቻ ከተንቀጠቀጠ

ከፊቱ የተነሳው አዙሪት እያገኘው ነው። ኤፍ/ኤ-18 ተዋጊ ጄት ይሄው ገጥሞት ነበር፦ ክንፉ ከአካሉ ጋር ከሚገናኝበት አካባቢ የሚነሳው አዙሪት ተበትኖ ሁለቱን ቋሚ ጅራቶች ስለመታቸው፣ ከላይ ትናንሽ አጥር መሰል ሳህኖች ተጨመሩለት። እናንተ ክንፉና አካሉ የሚገናኙበትን ክፍተት ድፈኑ፣ ማዕዘኑንም ለስላሳ አድርጉት።

ሲፈጥን ከባሰበት

ይሄ ፍላተር ነው፣ አደገኛውም እሱ ነው። ክንፉ ራሱ እየተጠማዘዘ ከአየሩ ጉልበት ይወስዳል፣ በሰከንዶች ውስጥም ሊሰበር ይችላል። ሞተሩን ቀንሱና አሳርፉት። የላላ ማጠፊያ ካለ አጥብቁ፣ ክንፉን በሰያፍ ስኮች ጠቅልሉት፤ ቀጥ ብሎ የተለጠፈ ስኮች መጠማዘዝን ብዙም አይከለክልም።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ ነፋሱን ጠርጥሩ። ከግንብ ወይ ከባሕር ዛፍ ጀርባ አየሩ ራሱ አዙሪት ነው፤ የከለላውን ቁመት አሥር እጥፍ ያህል ራቁና ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ሞክሩ። አዘዞ በኩል ግን አይሆንም፣ አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው።