ለችግረኞች የሚከፈለው የጤና መድን ለትክክለኛው ሰው እንዲደርስ፦ ከቀበሌ እስከ ወረዳ ምን እንጠይቅ?

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር። የሚችለው በየዓመቱ መዋጮውን ይከፍላል፤ ለማይችለው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ክርክሩ ያለው የማይችለው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ይህን የሚለየው ደግሞ ባሕር ዳር ያለ ቢሮ አይደለም፣ የእናንተው ቀበሌ ነው።

ምዝገባና እድሳት አብዛኛውን ጊዜ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ሊቀመንበሩን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ። ዘንድሮ ለቀበሌያችን መዋጮው የሚከፈልለት ስንት ችግረኛ አባወራ ተፈቀደ? ዝርዝሩስ ለሕዝብ የሚነበበው መቼ ነው? የሚፈቀደው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከችግረኛው ያንሳል፤ በዝምድናና በጉርብትና ሰው ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባውም በዚያ ጥበት ነው።

ስሞቹ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብለው ይነበቡ። እዚህ ላይ አትለሳለሱ። «ጊዜ አጠረን፣ በኮሚቴ አልቋል» ከተባላችሁ ቃለ ጉባኤው ይታየን በሉ። ደግሞ ስም ሲነበብ «እገሌ አይገባውም» ከማለት «እገሊት ቀርታለች» ብሎ መጀመር ይሻላል። አገር ነው፣ ነገም አብሮ መኖር አለ፣ ሰውም እንዲህ ሲባል ይሰማል።

በጣም የሚያንገበግበኝ «መሬት አላት» ተብላ የምትዘለለው መበለት ነገር ነው። አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ገደማ) መሬት በስሟ አለ። በሬ የላትም፣ ጉልበት ያለው ልጅ ቤቷ የለም፣ መሬቱን ለእኩል ሰጥታ ከምርቱ የሚደርሳት ግማሹ ነው፣ ከዚያም ላይ የማዳበሪያ ዕዳ ይነሣል። በወረቀት ግን ባለመሬት ናት። ለእንደዚህ ያለች ሴት ስትከራከሩ ማን ያርስላታል፣ ከብት አላት ወይ፣ እህሏ እስከ የትኛው ወር ያደርሳታል የሚለውን አንድ በአንድ አስረዱ። ከተማ ላይ የሚዘለሉት ተከራይተው የሚኖሩ የቀን ሠራተኞችና ጠላ ሻጮች ናቸው፤ የቀበሌ መታወቂያ ስለሌላቸው። ምዝገባው ሳይደርስ መታወቂያ እንዲያወጡ አግዟቸው።

ስም ጸደቀ ማለት ግን መድን ተያዘ ማለት አይደለም። የመድን መታወቂያው እጃቸው መግባቱን፣ የቤተሰቡ ስም በሙሉ መጻፉንና መታደሱን እዩ። ሰው የሚነቃው ታሞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ነው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

ወደ ወረዳው ስንመጣ ዋናው ጉዳይ ገንዘቡ ነው። ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ በውላቸው መሠረት ያከሙበትን ሂሳብ ለመድኑ ያቀርባሉ። ክፍያው ከዘገየ መድኃኒት የሚገዙበት ያጥራቸዋል፤ ስለዚህ መድኃኒት ሲጠፋ ፋርማሲ ላይ ያለችውን ልጅ ብቻ አትቆጡ። የምክር ቤት ተወካያችሁን ያዙት። ለችግረኞች የተያዘው በጀት ገቢ ሆኗል ወይ? ለጤና ተቋማት ያልተከፈለ የስንት ወር ሂሳብ አለ? በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ይህ ጥያቄ በግንቦትና በሰኔ ቢነሣ ጥሩ ነው፣ በጀቱ ከጸደቀ በኋላ መልሱ «ለሚቀጥለው ዓመት» ነው።

ሕክምና ላይ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ያስከፍላል። «መድኃኒት የለም» ከተባላችሁ ማዘዣው ላይ ይጻፍና ማኅተም ይደረግበት፤ በቃል ብቻ አትመለሱ። ወሊድ፣ ክትባትና የቲቢ ሕክምና ደግሞ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለማንም ነፃ ናቸው፣ መድን ኖረም አልኖረም። ገንዘብ ከተጠየቃችሁ አቤት በሉ።

አቤቱታ በጽሑፍ ይሁን። መጀመሪያ ለቀበሌው፣ ከዚያ ለወረዳው መድን ክፍል፣ ቀጥሎ ለወረዳው አስተዳደርና ምክር ቤት፣ በመጨረሻም ለዞኑ። ባስገባችሁ ቁጥር ቅጂው ላይ ቀንና ገቢ ቁጥር አስመቱ፤ አለበለዚያ «አልደረሰንም» ይሏችኋል። ወረዳውም ዞኑም ዝም ካሉ የአስተዳደር በደልን የሚመረምረው የእንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለሚመለከተው አመልክታችኋል ወይ?» ስለሆነ እነዚያን ቅጂዎች ይዛችሁ ሂዱ።