ትንኝን ገና ሳትበር መያዝ፦ ነጭ ኩባያ፣ የእጅ ባትሪ እና ብሩሽ

ትንኝ ስታስቸግረን አብዛኞቻችን የምናደርገው ያው ነው። ፍሊት እንነፋለን። ሁለት ቀን ሰላም ይሆናል፣ በሦስተኛው እንደገና ጆሯችን ሥር ጢዝዝ። በትንኝ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ግን መስክ ሲወጡ ከሚይዟቸው ዕቃዎች አንዱ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ነው። ያቆረ ውሃ ይጨልፉና እጭ ይቆጥራሉ። ክንፍ ያወጣችውን ማሳደድ ልፋት ነው፤ እጭ ግን ካለበት ውሃ የትም አይሄድም። ይህን ሥራ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ነጭ ኩባያ፣ የእጅ ባትሪና መፈግፈጊያ ብሩሽ ያዙ። ኩባያው ነጭ ይሁን ያልኩት በምክንያት ነው፤ እጭ ጠቆር ስለሚል በጥቁር ባልዲ ውስጥ ዓይናችሁ ሥር እየዋኘ አታዩትም።

አሁን ፍለጋ። ትንኝ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ረግረግና ወንዝ ዳር ነው። ደንጊን፣ ቺኩንጉንያን፣ ዚካንና ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤዴስ ኢጂፕታይ ግን የቤት ትንኝ ናት። አሮጌ ጎማ፣ አበባ የተተከለበት ዕቃ ሥር ያለ ሳህን፣ ቅጠል የደፈነው አሸንዳ፣ ክዳኑ ያልገጠመ በርሜል፣ የተጣለ ጣሳ ይበቃታል። እኔ ግቢውን ሁሉ አስሼ ያጣኋቸውን እጮች በመጨረሻ ያገኘኋቸው በየቀኑ ውሃ በማጠጣው አበባ ሥር ነበር፤ ለካ ስቀልባቸው የኖርኩት ራሴ ነኝ። የወባዋ አኖፊለስ ደግሞ በአብዛኛው ኩሬ፣ ቦይና ኮቴ ውስጥ ያቆረ ዝናብ ትመርጣለች። ከአኖፊለስ ዝርያዎች አንዷ የሆነችው ስቴፈንሲ ግን የከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ለምዳለች፤ ከእስያ ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ከተገኘች ወዲህ ተመራማሪዎቹን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነው። ስለዚህ በርሜሉን አትለፉት።

ወደ ውሃው ስትቀርቡ አድብታችሁ ይሁን። ጥላችሁ ካረፈበት እጮቹ ቁልቁል ይጠልቃሉ። ኩባያውን አጋድማችሁ ከዳር በኩል በፍጥነት ጭለፉ። ከጠለቁባችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ አየር ለመሳብ መውጣታቸው አይቀርም።

የያዛችሁትን በባትሪ እዩት። እጩ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ከተንጋለለ አኖፊለስ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በጅራቱ ቱቦ የሚተነፍስ ከሆነ ኤዴስ ወይም ኪውሌክስ የምትባለው ሌላ የትንኝ ዓይነት ነው። ይህን መለየት የፈረንጅ ቅንጦት አይምሰላችሁ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፍ ለማረጋገጥ ሕንድ ውስጥ ሲለፋ ብዙ ጊዜውን የፈጀው ወባ የማያስተላልፉ ትንኞችን ሆድ ሲከፍት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1897 ክንፏ ዝንጉርጉር የሆነችውን ሲከፍት የወባን ተሕዋስ አገኘው፣ በ1902 ኖቤል ተሸለመ። ለእኛ ደግሞ መለየቱ የሚጠቅመው ለመከላከያው ነው፤ አኖፊለስ የምትነክሰው በአብዛኛው ማታ ስለሆነ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ያዋጣል፣ ኤዴስ ግን በጠራራ ቀን፣ በተለይ ጠዋትና ከመምሸቱ በፊት ስለምትነክስ ለእሷ ረጅም እጅጌና ዲት የሚባል ትንኝ አባራሪ ያለበት ቅባት ያስፈልጋል።

የኮማ ቅርጽ ያለው፣ ሲነኩት የሚገለባበጥ ነገር ካያችሁ ቸኩሉ። እጭነቱን ጨርሷል፣ በሁለት ቀን ገደማ ይበራል።

ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። ቱቦ ውስጥ ከደፋችሁት ቦታ ቀየራችሁለት እንጂ አልገደላችሁትም። ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ዕቃውን ፈግፍጉት! ኤዴስ እንቁላሏን ከውሃው ትንሽ ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ ታጣብቀዋለች፣ እንቁላሉም ደርቆ ወራት ሊቆይ ይችላል። ዕቃው እንደገና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ከእንቁላል እስከ መብረር በሙቀት ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ስለሚፈጅ በሳምንት አንድ ቀን ቁረጡና በዚያው ቀን ዙሩ።

የማይደፋ ውሃ አጥብቃችሁ ክደኑት፣ ወይም አፉን በጥቅጥቅ ወንፊት ሸፍኑት። ይህም ካልሆነ ቢቲአይ የሚባል ዱቄት ወይም እንክብል አለ፤ እጩ ሲበላው አንጀቱን የሚያበላሽ ባክቴሪያ ነው። ለሚጠጣ ውሃ የተፈቀደ መሆኑን መለያው ላይ አንብቡ። ኮማ የሚመስሉትን ግን አይነካቸውም፣ እነሱ አይበሉማ! የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስን ተዉት፣ ውሃውንም አፈሩንም ይበክላል።

በዚህ መሃል ትኩሳት ከያዛችሁ በግምት መድኃኒት አትዋጡ፣ ተመርመሩ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይነኩም፣ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይሻላል።

ሁሉን አድርጋችሁም በቀን መነከሱ ካልቆመ ትንኟ የሩቅ እንግዳ አይደለችም። ኤዴስ ከተፈለፈለችበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትር አትርቅም፣ ስለዚህ ወይ የቀረ ዕቃ አለ ወይ ጎረቤት ናት። ነጩን ኩባያ ይዛችሁ በሩን አንኳኩና አብራችሁ ጨልፉ። ሰው በወሬ አያምንም፣ ሲዋኝ ሲያየው ግን በርሜሉን ራሱ ይደፋዋል።