የባዮጋዛችሁ ነበልባል እንዳይደክም አርኬያን መንከባከብ

ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለው ቤታችን ወጥ የሚሠራው በባዮጋዝ ነው። እናቴ ግን ዕድሜዋን የገፋችው በኩበት ጭስ ዓይኗ እያለቀሰ ነው። ስለዚህ የአንድ ጎረቤት ምድጃ ሲደክም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቧንቧውን ነው። እኔ የምጠይቀው ማብላያው፣ ማለትም እበቱ ታሽጎ ጋዝ የሚሆንበት ጉድጓድ፣ ምን እንደበላ ነው።

እበቱን መጀመሪያ የሚያፈራርሱት ባክቴሪያዎች ናቸው። አሲድ፣ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ያንን ተቀብለው የሚነደውን ጋዝ፣ ሚቴንን፣ የሚሠሩት አርኬያ የሚባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ሲታዩ ባክቴሪያ ይመስላሉ፣ ዘራቸው ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ ይህን ያሳዩት በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ሚቴን ሠሪዎቹ አየር አይወዱም፣ የሚባዙትም ቀስ ብለው ነው። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ በየቀኑ በልክ አብሉ። እኛ ለ6 ሜትር ኩብ ማብላያ ሁለት ባልዲ ትኩስ እበት በእኩል ውሃ በጥብጠን እንጨምራለን። ገለባና ጠጠር ተለቅሞ ይወጣል። ሁለት ቀን ዘሎ የሦስቱን ቀን በአንዴ መድፋት አይሆንም። ባክቴሪያዎቹ አሲዱን ቶሎ ቶሎ ያመርታሉ፣ አርኬያዎቹ አይደርሱበትም። አሲዱ ሲጠራቀም ደግሞ ሥራ ያቆማሉ። የዝቃጩ ሽታ ከኮመጠጠ፣ ጋዙም እየመጣ አልነድ ካለ ይኸው ነው። ለጥቂት ቀን መመገብ አቁሙ። ደህና ከሚሠራ የጎረቤት ማብላያ አንድ ሁለት ባልዲ ዝቃጭ ለምናችሁ ጨምሩበት፤ እርሾው እሱ ነው። በላም ሆድ ውስጥም አርኬያ ስላለ ትኩስ እበትም ያግዛል።

በረኪናና የልብስ ሳሙና እጣቢ ወደ ማብላያው አይግባ። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም እበትም መድኃኒቱ እስኪወጣላት ለብቻ ይቀመጥ። ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች አርኬያን አይነኩም፣ አርኬያን የሚቀልቡትን ባክቴሪያዎች ግን ይጎዳሉ።

በእኛ አገር ፈተናው ውርጭ ነው። አርኬያዎቹ በደንብ የሚሠሩት 35 ዲግሪ አካባቢ ሲያገኙ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የምንበጠብጠው ፀሐይ ላይ በዋለ ውሃ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ጉልላቱንም አፈርና ገለባ እናለብሰዋለን። ጋዙ መቀነሱ ባይቀርም ቢያንስ የቡናውና የሽሮው አይጠፋም።

አዲስ ማብላያ ከሆነ የመጀመሪያውን ጋዝ በር ከፍታችሁ ልቀቁት እንጂ አታቀጣጥሉት። አየር ስለተቀላቀለበት ሊፈነዳ ይችላል። ቧንቧ ማፍሰሱንም በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አትፈትሹ። የሚያፈስ ቧንቧ ቶሎ ይጠገን፤ ሳይነድ የሚያመልጥ ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል።

ዝቃጩ ለገብስ ማሳ ግሩም ማዳበሪያ ነው። ሽንት ቤት ከማብላያው ጋር ያገናኘ ሰው ግን ሰላጣና ካሮት ላይ አያፍስሰው። በእንዲህ ያለ ብርድ የወስፋት እንቁላል ማብላያው ውስጥ አይሞትም።