ጥቁር ቲሸርት ላይ አስተማማኝ ቀይ ማውጣት፦ የዲስቻርጅ ቀለም አቀማመም

በስክሪን ፕሪንቲንግ (ቀለምን በተወጠረ ወንፊት አሳልፎ ጨርቅ ላይ በማተም) ሥራ ዲስቻርጅ የሚባለው ውኃ ወለድ ቀለም ከሌሎች የሕትመት ቀለሞች የሚለየው ጨርቁን ከላይ ባለመሸፈኑ ነው። ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው ዱቄት ሙቀትና እንፋሎት ሲያገኝ ፋብሪካው ጨርቁን የነከረበትን ቀለም ያጠፋል፤ አብሮት የገባው ፒግመንት (መልክ የሚሰጠው የቀለም ብናኝ) ደግሞ የለቀቀውን ቦታ ይይዛል። በዚህ መንገድ የታተመ ቲሸርት ለስላሳ ነው፣ አየር ያስገባል፣ ሕትመቱም ፕላስቲሶል እንደሚባለው ፕላስቲክ አዘል ቀለም አይሰነጠቅም። ነጭና ቢጫ ብዙ ሳያስቸግሩ ይወጣሉ። ቀይ ግን በአንድ ሥራ ላይ ደማቅ ሆኖ በሌላው የጡብ ወይም የወይን ጠጅ መልክ ይዞ ይመጣል። ብዙ አታሚዎች ይህን ሲያዩ ፒግመንት ወይም ዱቄት ይጨምራሉ፤ እኔ ግን መፍትሔው ያለው ከቀዩ ሥር የሚቀረውን ጨርቅ አስቀድሞ በማወቅና ቅመማውን በዚያ ልክ በማስተካከል ነው ብዬ አምናለሁ።

ዱቄቱ በኬሚካል ስሙ ዚንክ ፎርማልዴሃይድ ሰልፎክሲሌት ይባላል። ሥራው በጥጥ ማቅለሚያዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘውን አዞ የተባለ የናይትሮጅን ትስስር መበጠስ ነው፤ ትስስሩ ሲበጠስ ማቅለሚያው መልኩን ያጣል። ይሁን እንጂ ቀለሙ የለቀቀው ጨርቅ ነጭ ሆኖ አይቀርም፤ እንደ ጨርቁና እንደ ማቅለሚያው ዓይነት ክሬም፣ ገለባማ ወይም ግራጫ ይሆናል። ቀዩ ግልጽ በሆነ ቤዝ (ፒግመንቱን በሚሸከም መልክ አልባ መደብ) ሲቀመም ብርሃን አሳላፊ ስለሚሆን የሥሩ መልክ ወደ ላይ ይወጣል፦ ገለባማው ቀዩን ወደ ጡብ፣ ግራጫው ወደ ወይን ጠጅ ይጎትተዋል። ሁለተኛም ችግር አለ። ከቀይ ፒግመንቶች ብዙዎቹ ራሳቸው የአዞ ቤተሰብ ናቸው። በውኃ የማይሟሙ በመሆናቸው ከማቅለሚያው ይልቅ ዱቄቱን ይቋቋማሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይቋቋሙም። ስለዚህ ለውኃ ወለድ ቀለም በሙሉ ይሆናል የተባለ ፒግመንት አይበቃም፤ አምራቹ ለዲስቻርጅ እንደሚሆን በግልጽ የጻፈበትን መግዛት ያስፈልጋል።

ቲሸርቱ መቶ በመቶ ጥጥና ሪአክቲቭ በሚባለው፣ ከጥጥ ክር ጋር በኬሚካል በሚተሳሰር ማቅለሚያ የተነከረ መሆን አለበት። ፖሊስተር በዚህ ዱቄት አይለቅም፤ ግማሽ በግማሽ በተቀላቀለ ጨርቅ ላይ የጥጡ ክር ብቻ ስለሚለቅ ቀዩ የደበዘዘና የተዥጎረጎረ ይመስላል። ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ብዙውን ጊዜ በደንብ ይለቃሉ፤ ደማቅ ሰማያዊ፣ ቱርኩዋዝ፣ ደማቅ አረንጓዴና ሐምራዊ ግን ብዙ ጊዜ እምቢ ይላሉ። አንዳንድ ፋብሪካዎች የተበላሸ ጨርቅ መልሰው ጥቁር ስለሚነክሩ ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ጥቁር ቲሸርቶች እንኳ የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ቀዩን ከመቀመም በፊት ፒግመንት የሌለው ግልጽ ቤዝ ከዱቄቱ ጋር ብቻ ቀላቅለው በዚያው ቲሸርት ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ያትሙና አብስለው (በምድጃ አሙቀው) ይመልከቱት። ቀዩ የሚያርፍበት ሜዳ እርሱ ነው። ይህን ሙከራ በምንም ምክንያት አይዝለሉት።

ቤዝን በተመለከተ ለደማቅ ቀይ ግልጹን ይምረጡ። ነጩ የዲስቻርጅ ቤዝ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ስላለበት ቀዩን ሮዝ ያደርገዋል፤ ለፈዛዛ ቀለሞች ጥሩ ነው፣ ለቀይ ግን አይሆንም። መነሻ የሚሆን ቅመም ልስጥ። ለ1000 ግራም 910 ግራም ግልጽ ቤዝ፣ 82 ግራም መካከለኛ ቀይ ፒግመንትና 8 ግራም ማጀንታ ይመዝኑ። ማጀንታው የጨርቁን ገለባማነት እየገፋ ቀዩን ከጡብ መልክ ያድነዋል። ባዶው ሙከራ ከነጭ የቀረበ ክሬም ከሰጠ ማጀንታውን ይቀንሱ፤ የእሳት ዓይነት ቀይ ከተፈለገም በማጀንታው ፋንታ ትንሽ ብርቱካናማ ይግባ። ፍሎረሰንት ሮዝ ሕይወት ይሰጣል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ፀሐይ ቶሎ ያጠፋዋል። ከቤት ውጭ ለሚለበስ ልብስ አልመክረውም።

የፒግመንቱ ድምር ከመቶ 10 ያህል ሲያልፍ ጥቅሙ ይቀንሳል። በቤዙ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ስለሚሆን ትርፉ በእጥበት ይወጣል፣ ሲታሽም ሌላ ልብስ ያቀላል፤ ቀይ ደግሞ በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። ሁልጊዜ የግራምን አንድ አሥረኛ በሚያነብ ሚዛን ይመዝኑ፣ በማንኪያም ሆነ በዓይን አይለኩ። በመጀመሪያ ፒግመንቱን ከቤዙ ጋር በደንብ አዋሕደው በቀጭን ወንፊት ያጥሩት። ዱቄት ያልገባበት ቅይጥ ተከድኖ ስለሚቀመጥ በብዛት አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የቀዩን አንድነት የሚጠብቀውም ይህ ልማድ ነው።

ዱቄቱ የሚገባው ለዕለቱ ሥራ በተቀነሰው ቀለም ላይ ብቻ ነው። ከቀለሙ ክብደት ከመቶ 6 ይጀምሩ፤ ለ500 ግራም ቀለም 30 ግራም ማለት ነው። ለአስቸጋሪ ጨርቅ እስከ 8 ማድረስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ሽታውንና የሚቀረውን ኬሚካል እንጂ ድምቀቱን አይጨምርም። እያማሰሉ ቀስ በቀስ ይነስንሱት፣ ፍሬው በሙሉ እስኪሟሟ ድረስም ያማስሉ፤ ያልሟሟ ፍሬ በሕትመቱ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። የተቀላቀለው ቀለም ኃይሉን የሚይዘው ለጥቂት ሰዓታት በመሆኑ ጠዋት የተቀመመውን ለማግስቱ አያሳድሩት፤ ጋዝ ስለሚፈጥርም በጥብቅ በተከደነ ዕቃ ውስጥ አያስቀምጡት። ጥሬው ዱቄት ግን በተቃራኒው እርጥበት ጠላቱ ስለሆነ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ በጥብቅ ይከደን።

በሚታተምበት ጊዜ ውኃ የሚቋቋም ኢመልሽን (ስክሪኑን የሚደፍን፣ በብርሃን የሚጠነክር ሽፋን)፣ ለትላልቅ ቀይ ቦታዎችም በኢንች ከ110 እስከ 156 ክር ያለው ስክሪን ይጠቀሙ። ቀለሙ ክሩ ውስጥ እንዲሰርግ ሁለት ጊዜ ይጎትቱ፣ ከእያንዳንዱ ሕትመት በኋላም ስክሪኑን በቀለም ሸፍነው ይተዉት። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ባለው ከተማ የበጋው ደረቅ አየር ቀለሙን ስክሪኑ ላይ ቶሎ ያደርቀዋል፤ ውኃ የሚረጭ ጠርሙስ ከአጠገብዎ አይጥፋ።

ቀዩን የሚያወጣው ወይም የሚያበላሸው ማብሰሉ ነው። ዱቄቱ የሚሠራው ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ በመሆኑ የታተመው ቲሸርት ሳይደርቅ ወደ ምድጃው መግባት አለበት፤ ለሌላ ቀለም ሲባል በፍላሽ ማድረቂያ የደረቀ ቀይ በኋላ ቢሞቅ እንኳ በሙሉ አይለቅም። የጨርቁ ገጽ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ደርሶ ሁለት ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይገባል። በምድጃው መቆጣጠሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር የጨርቁ ሙቀት አይደለም። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ጨርቁ ከውኃ መፍያ ሙቀት ብዙም ከፍ አይልም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው እንፋሎቱ ከቆመ በኋላ ሲሆን ልኬቱም ሕትመቱ ላይ በተነጣጠረ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይወሰድ። ሂት ፕሬስ (በሙቅ ሳህን የሚጫን መሣሪያ) ብቻ ያለው ሰው የላይኛውን ሳህን መጀመሪያ ሳያስነካ ጥቂት ከፍ አድርጎ እንፋሎቱን ያስወጣና ከዚያ በመከላከያ ወረቀት ላይ በለሰለሰ ግፊት ይጫነው፤ ለብዙ ቲሸርት ግን አየር የሚነፍስ ማድረቂያን የሚተካ አይደለም።

እርጥቡ ቀይ በጥቁር ጨርቅ ላይ ብዙም ስለማይታይ ፍርድ የሚሰጠው በስሎ ከታጠበ በኋላ ነው። ነጭ ጨርቅ አንድ ጊዜ በደረቁ፣ አንድ ጊዜ በእርጥቡ ይሹበት፤ ቀይ ከተላለፈ ፒግመንቱ በዝቷል ወይም ማብሰሉ አንሷል። የደበዘዘ ከሆነ ወደ ባዶው ሙከራ ይመለሱ፦ ባዶው ቦታ ራሱ ግራጫ ከሆነ ጥፋቱ የጨርቁ ወይም የማብሰሉ ነው፤ ባዶው ንጹሕ ክሬም ሆኖ ቀዩ ብቻ ከከሰመ ግን ፒግመንቱ ዱቄቱን አልተቋቋመምና ይቀየር።

ሲበስል የሚወጣው ጭስ የሰልፈርና የፎርማልዴሃይድ ሽታ አለው። ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ፣ ጓንትና ዱቄቱ ሲመዘን የአፍንጫ መከላከያ የግድ ናቸው። ኦኮ ቴክስ የተባለው የጨርቃ ጨርቅ መመዘኛ ቆዳ ለሚነካ ልብስ በኪሎ ግራም ከ75 ሚሊ ግራም በላይ ፎርማልዴሃይድ አይፈቅድም፤ ለሕፃናት ልብስ ወሰኑ እጅግ ያንሳል። በመሆኑም የታተመው ልብስ ከመለበሱ በፊት እንዲታጠብ ለደንበኛው በጽሑፍ ይንገሩ፤ የሕፃናት ልብስ ከሆነ ሥራውን በሌላ ቀለም መሥራት ይሻላል። የተረፈው ቀለም ዚንክ ስላለበት ወደ ቦይና ወንዝ አይደፋ።

በመጨረሻ ከታጠበው ሕትመት ቁራጭ ቆርጠው ቅመሙ፣ የቲሸርቱ ዓይነት፣ የዱቄቱ መጠንና የማብሰያው ሙቀት ከተጻፈበት ካርድ ጋር ይስፉት፤ ደንበኛው ለተጨማሪ ትእዛዝ ሲመለስ በአዲሱ ካርቶን ላይ የሚደረገው ባዶ ሙከራ የሚመሳከረው ከዚህ ቁራጭ ጋር ነው።